የቤት ግንባታ ዕቅድና የነዋሪዎች ተቃውሞ

ከደሴ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ በግራና በቀኝ የሚያየው አገር በአብዛኛው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ ማሳ ነው። የገበሬዎቹ ቤቶች በየጉብታው ላይ ተበታትነው ይታያሉ፤ በመካከላቸውም ከብት የሚሰማራበት መስክ አለ። ደሴ ግን በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተጣበበች ከተማ ስለሆነች፣ ሕዝቧ በበዛ ቁጥር ዓይኗን በዙሪያዋ ወዳለው ገጠር መጣሏ አይቀርም።

እስቲ አንድ ነገር በአሳባችሁ ሣሉ። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሕዝቡን በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ፣ «በዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ሺህ መኖሪያ ቤት ሊሠራ ታቅዷል» ብሎ ይነግራችኋል። አንድ አዛውንት ከፊት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ እኛስ ወዴት ልንሄድ ነው?» ይላሉ። ከኋላ የቆመ አንድ ወጣት ደግሞ፣ «አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ መሬትም ቤትም የለኝም፤ ደሴ ውስጥ ለአንዲት ክፍል ከደመወዜ እኩሌታውን እከፍላለሁ፤ ቤቱ ቢሠራ ምን ይጎዳል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የያዙት ጥያቄ እውነተኛ ነው። ይህ ታሪክ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ቢሆንም፣ በአገራችን በልዩ ልዩ ስፍራ በእውነት የተፈጸመ ጉዳይን ይመስላል። በዚህ ምንባብ የምንመረምረውም የዚህን ክርክር መነሻ፣ ሕጉን፣ እንዲሁም ተቃውሞ በምን ዓይነት መንገድ ቢቀርብ ፍሬ እንደሚያፈራ ነው።

ሀ. ዕቅዱ ከየት ይመነጫል?

ትልቅ የቤት ግንባታ ዕቅድ የሚወጠነው የቤት እጦት ሲጸና ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የደሴ ከተማ ነዋሪ ወደ 97 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደግሞ ወደ 120 ሺህ ደረሰ። ከዚያም ወዲህ ከተማው ማደጉን አላቆመም። ሰው ሲጨምር ኪራይ ይወደዳል፤ አዲስ ተጋቢዎች ከወላጆቻቸው ጋር ተደራርበው ይኖራሉ። ተዳፋት በሆነው መሬት ላይ የሚሠራው ቤትም ክረምት በገባ ቁጥር የመሬት መንሸራተት ያሰጋዋል። ስለሆነም የከተማ አስተዳዳሪዎች ሜዳማ መሬት መፈለጋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከደሴ በታች የምትገኘው ኮምቦልቻ በሜዳማነቷ ምክንያት ፋብሪካዎችን ስትስብ ቆይታ፣ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ ይመጣል፤ ሠራተኛ ሲመጣም ቤት ያስፈልጋል።

የቤት እጦቱ ታሪካዊ ሥርም አለው። በ1967 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ አዋጆች ታወጁ። አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። የቤት ኪራይ በመቀነሱ ብዙ ድኻ ተከራይ እፎይ አለ። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው በመደረጉ፣ ለማከራየት ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። በቀበሌ የተያዙት ቤቶችም እድሳት እያጡ አረጁ። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ መንግሥት በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በክልል ከተሞች ኮንዶሚኒየም የተባሉትን የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት መሥራት የጀመረው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር።

ለ. ነዋሪዎች ለምን ይቃወማሉ?

«ልማትን የሚጠላ ሰው የለም» ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጥያቄውን አይመልስም። ተቃዋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ልማት ይቅር የሚል አሳብ አይደለም። የሚያነሡት የሚከተሉትን አራት ጉዳዮች ነው።

አንደኛው የኑሮ ጉዳይ ነው። ለገበሬ መሬት ቤቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ጡረታውም ነው። ገንዘብ ተቆጥሮ ቢሰጠው እንኳ ነግዶ የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ይዞ ለመኖር ይቸገራል። በአባቱ ማሳ ላይ እያረሰ የሚኖረው ያልተመዘገበ ወጣት ልጅ ደግሞ ከካሳው መዝገብ ላይ ስሙ ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የማኅበራዊ ኑሮ ጉዳይ ነው። በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር ሰው ሲሞት ይቀብራል፤ ሐዘንተኛን ያስተዛዝናል። ደቦና ወንፈል በእርሻ ጊዜ ጉልበት ያበድራሉ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና የመቃብር ስፍራው የትውልድ ማስታወሻ ናቸው። ቤተሰቦች እዚህና እዚያ ቢበታተኑ እነዚህ ሁሉ ይፈርሳሉ፤ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ደግሞ የዋጋ ተመን ማውጣት አይቻልም። በከተማ ውስጥም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲባል ሠፈሮች ሲፈርሱ፣ ለዓመታት አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ ተለያይተዋል።

ሦስተኛው የአገልግሎት ጉዳይ ነው። ብዙ ሺህ ቤት ባንድ ጊዜ ሲሠራ ውኃው ከየት ይመጣል? ፍሳሹ ወዴት ይወርዳል? ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ይበቃል ወይ? ቤቱ አልቆ ውኃውና መንገዱ ከዘገየ፣ አዲሱ ነዋሪም ነባሩም ይጎዳሉ።

አራተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የከረረው የመደመጥ ጉዳይ ነው። ሰው ስለራሱ ቀዬ የተወሰነውን ነገር ቀያሽ መሣሪያውን ተክሎ ሲያይ ብቻ ከሰማ፣ ዕቅዱ የቱን ያህል ጥሩ ቢሆን እንደ ተናቀ ይቆጥረዋል። የተናቀ ሰው ደግሞ ዝርዝሩን ለመስማት ትዕግሥት አይኖረውም።

ሐ. ከአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የምንማረው

ለዚህ ጉዳይ በአገራችን ታሪክ ከሁሉ የጎላው ምሳሌ አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ባንድነት ለማልማት የተዘጋጀው ማስተር ፕላን ነው። የዕቅዱ አዘጋጆች ከተማይቱና በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች በመንገድ፣ በውኃ፣ በቤትና በኢንዱስትሪ ተያይዘው እንዲያድጉ ነው ያሰብነው ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎች ግን ከተማይቱ በተስፋፋች ቁጥር ገበሬው በቂ ካሳ ሳያገኝ መሬቱን ሲለቅ ማየታቸውን፣ የክልሉም ወሰንና መብት እንደሚነካ መስጋታቸውን ገለጹ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአምቦና በሌሎች ከተሞች ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ በኦሮሚያ በሰፊው ተዛመተ፤ ሌሎች የፖለቲካ ጥያቄዎችም ተጨመሩበት። ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። በመጨረሻም በጥር 2008 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ መቅረቱ ተገለጸ።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ51 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ በኮዬ ፈጬ የተሠሩት ቤቶች አዲስ ውዝግብ አስነሡ። በአንድ ወገን ለዓመታት ከኪሳቸው እየቆጠቡ የቆዩ ተመዝጋቢዎች «ቤታችን ይሰጠን» አሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ከመሬቱ የተነሡት ገበሬዎችና ልጆቻቸው መጠለያ ሳያገኙ ቤቱ ለሌላ እንዴት ይሰጣል በሚል በኦሮሚያ ከተሞች ሰልፍ ወጣ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በመጀመሪያ፣ የተቃዋሚው ሥጋት ከወረቀቱ ዕቅድ ይልቅ ባለፈው ልምድ ላይ የቆመ ነበር። ቀድሞ የተነሣ ጎረቤቱ ሲቸገር ያየ ሰው፣ «ለአንተስ ይሻልሃል» ቢሉት አያምንም። ሁለተኛም፣ ዕቅድ መቅረቱ የከተማን ማደግ አያስቀርም። ዕቅድ በሌለበት ስፍራ በድብቅ የሚሸጥ የእርሻ መሬት ይበዛል፤ በሌሊት ተሠርቶ የሚያድረው የጨረቃ ቤትም ይስፋፋል። ይህም ገበሬውን በርካሽ ዋጋ መሬቱን ያሳጣዋል፤ ገዢውንም የመፍረስ ሥጋት ላይ ይጥለዋል። እንግዲህ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለዕቅድ አውጪዎች ሲነገር፣ ነገሩን ጨርሶ ተዉት ለማለት ሳይሆን ከሕዝብ ጋር ተመካክራችሁ ሥሩት ለማለት ነው።

መ. ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ገበሬዎችም መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመነቀል መብት እንዳላቸው ይገልጻል። ይኸው አንቀጽ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን ለመውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ እንደሆነ ይናገራል። አንቀጽ 43 ሰዎች አካባቢያቸውን በሚነካ የልማት ዕቅድ ላይ አሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ሲያረጋግጥ፣ አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሁሉ ካሳ ወይም ሌላ ማቋቋሚያ እንዲያገኙ ያዝዛል። በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት በአንቀጽ 30 ተጽፏል።

ዝርዝሩ በአዋጅ ይወሰናል። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ሲሆን፣ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ የዚህኛውም አንዳንድ አንቀጾች ቆየት ብለው ተሻሽለዋል። የ2011ዱ አዋጅ ባለይዞታዎች መሬቱን ከመልቀቃቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ዕቅዱ ዓይነትና ጥቅም ምክክር እንዲደረግላቸው ደነገገ። ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል እንዲያመለክት፣ ካልረካም ይግባኝ እንዲል መንገድ ከፈተ።

ሠ. የካሳው ስሌት በምሳሌ

ሕግ በቁጥር ሲተረጎም ይበልጥ ይገባል። አንድ ገበሬ ባለፉት አምስት ዓመታት ከማሳው ያገኘው ገቢ በቅደም ተከተል 20 ሺህ፣ 24 ሺህ፣ 26 ሺህ፣ 30 ሺህና 40 ሺህ ብር ነው እንበል። በ1997ቱ አዋጅ መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው ሲለቅ የሚሰጠው የመፈናቀያ ካሳ የአምስቱ ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። አማካዩ 28 ሺህ ስለሆነ፣ ካሳው 280 ሺህ ብር ይሆናል። በ2011ዱ አዋጅ ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ ተመርጦ በ15 ይባዛል። ከፍተኛው 40 ሺህ ስለሆነ፣ ካሳው 600 ሺህ ብር ይደርሳል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በልግ አንድ ዓመት ይዞ በሌላው ዓመት በሚከዳበት ደጋ አገር፣ ክፉውን ዓመት ከመልካሙ ጋር ደምሮ አማካይ ማውጣት ገበሬውን ይጎዳው ነበር። ይሁንና የጨመረውም ካሳ ጥያቄውን ሁሉ አይዘጋውም። ማሳው ከ15 ዓመት በኋላም ያፈራል፤ ገንዘቡ ግን ዋጋ እየናረ ሲሄድ ይሟሟል። ገበሬው የገንዘብ አያያዝ ካልተማረ፣ አዲስ የሥራ መስክ ካልተዘጋጀለትና ልጆቹ በሚሠራው ሠፈር ውስጥ ድርሻ ካላገኙ፣ ካሳው ለጥቂት ዓመት ስንቅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በስብሰባ ላይ «ስንት ይከፈለናል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ከዚያ በኋላ በምን እንኖራለን?» የሚለው መነሣት ይኖርበታል።

ረ. ከሌሎች አገሮች

ይህ ዓይነቱ ክርክር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 የኒው ዮርክ ከተማ አስተዳደር ዌስት ቪሌጅ የተባለውን ሠፈር አፍርሶ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ፣ ጄን ጄኮብስ የተባለች ጸሐፊ ከጎረቤቶቿ ጋር ኮሚቴ አቋቋመች። ሠፈሩ አሮጌ ቢሆንም ሕይወት ያለው መሆኑን በማስረጃ ስላሳዩ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የበርሊን ከተማ አስተዳደር ቴምፕልሆፍ በተባለው በቀድሞው የአውሮፕላን ማረፊያ ዳር ወደ 4,700 የሚጠጋ ቤት ለመሥራት አሰበ። ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ ድምፅ ከሰጡት መካከል 64 ከመቶ ያህሉ ሜዳው እንዳይነካ ወሰኑ። ዛሬ በዚያ ሜዳ ሕፃናት ይጫወታሉ፤ አረጋውያን ይንሸራሸራሉ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በበርሊን የቤት ኪራይ እየናረ ስለሄደ፣ ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር እንደገና ተነሥቷል። እንግዲህ ተቃውሞ ሲያሸንፍም ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ። ብዙውን ጊዜ ያ ሰው በስብሰባው ላይ ያልተገኘው ቤት አልባው ነው።

ሰ. ቋንቋና አቤቱታ

በዚህ መጽሐፍ ስለ ግስ እርባታ ተምራችኋል። አሁን «ተነሺ» የሚለውን ቃል መርምሩት። ቃሉ የመጣው «ተነሣ» ከሚለው ግስ ነው። «ሰውዬው ከመቀመጫው ተነሣ» ስንል በራሱ ፈቃድ መነሣቱን እንረዳለን፤ «ገበሬው ከመሬቱ ተነሣ» ስንል ግን ያነሣው ሌላ አካል ነው። የግሱ መልክ አንድ ስለሆነ አድራጊው ይሰወራል። «መሬቱ ተወሰደ»፣ «ቤቱ ፈረሰ»፣ «ተወሰነ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮችም እንዲሁ ናቸው። በክርክር ጊዜ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥማችሁ፣ «ማን ወሰነ? መቼ? በየትኛው ሕግ?» ብላችሁ ጠይቁ። አድራጊው ሲታወቅ ኃላፊውም ይታወቃል።

ምናልባት እናንተም አንድ ቀን ፊደል ላልቆጠሩ ወላጆቻችሁ ወይም ለቅሬያችሁ አቤቱታ የምትጽፉ ትሆኑ ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚከተሉትን አስታውሱ። ቀኑን፣ የሚጻፍለትን መሥሪያ ቤትና ጉዳዩን በመጀመሪያ አስፍሩ። ቀጥሎ የሆነውን ነገር በጊዜ ቅደም ተከተል ግለጹ። ከዚያም የሕጉን አንቀጽ ጥቀሱ፤ በመጨረሻም የምትፈልጉትን ነገር ለይታችሁ ጠይቁ። «ዕቅዱ ሕዝብን የናቀ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስሜቱን ብቻ ይገልጻል። «ስለ ዕቅዱ ያወቅነው ቅየሳው ከተጀመረ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ስብሰባ አልተጠራም፤ ስለሆነም ምክክር እንዲደረግልን እንጠይቃለን» ብሎ የሚጽፍ ግን መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ጥያቄ ያቀርባል። የ30 ቀኑን ገደብም አትርሱ፤ በጊዜው ያልቀረበ እውነት በመዝገብ ቤት ደጃፍ ይቀራል።

ከሁሉም በላይ የሌላውን ወገን አሳብ በታማኝነት ጻፉ። በምንባቡ መጀመሪያ ላይ የጠቀስናቸው አዛውንትና ወጣት ባንድ ቀን ባንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዕቅድ አውጪው አዛውንቱን ሳይሰማ ቢሠራ ቤቱ በቂም ላይ ይቆማል። አዛውንቱም ወጣቱን ሳይሰሙ ቢቃወሙ፣ የልጅ ልጃቸው ነገ በጨረቃ ቤት ውስጥ ያድራል። ቤት የሚሠራው በድንጋይና በሲሚንቶ ቢሆንም፣ የሚጸናው ግን ባለመሬቱና ቤት ፈላጊው ተነጋግረው በደረሱበት ስምምነት ነው።

መልመጃ

1. ነዋሪዎች የቤት ግንባታ ዕቅድን የሚቃወሙባቸውን አራት ምክንያቶች በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. አንድ ገበሬ ባለፉት ሦስት ዓመታት 18 ሺህ፣ 32 ሺህና 25 ሺህ ብር ቢያገኝ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌት የመፈናቀያ ካሳው ስንት ይሆናል?
3. «መንገዱ ተዘጋ»፣ «ውሳኔው ተላለፈ»፣ «እህሉ ተነቀለ» የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች አድራጊያቸውን ጨምራችሁ እንደገና ጻፉ።
4. በኩታበር ስብሰባ ላይ ተገኝታችኋል እንበል። ግማሻችሁ በአዛውንቱ፣ ግማሻችሁ በወጣቱ ስም ሆናችሁ አንድ አንድ ገጽ አቤቱታ ጻፉ። ከዚያም ጽሑፋችሁን ተለዋውጣችሁ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን እውነታና የግል አስተያየት ለዩ።